በምግብ ጠረጴዛ ላይ የተሠራው ቤት

ስለ አማቶች ለጻፍኩት ጽሑፍ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የያዛችሁኝን ሁሉ አልረሳኋችሁም፤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ አንዲት እኅት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ልጆቿን ከአባታቸው ጋር ወደ መኪናው ልካ፣ ብቻዋን ቀርታ የጠየቀችኝን ጥያቄ ላካፍላችሁ።

«እኅቴ፣ ሰው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ አርክቴክቸር መማር ይችላል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥያቄው ድንገተኛ ሆነብኝ። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ባሉ ጉባኤዎቻችን «ሙያ ልቀይር ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር ነው ብለን አስቀድመን ስለምንገምት፣ «ጎሽ፣ ነርስነት መልካም ነው» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እርሷ የምትለኝ ግን ቤት ስለ መንደፍ ነው። (ይህን የምጽፈው የሁለቱንም ፈቃድ ጠይቄ ነው፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።)

ታሪኳ የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ የመጀመሪያ ምርጫዋ አድርጋ የሞላችው አርክቴክቸር ነበር። የደረሳት አካውንቲንግ ሆነ። ምደባው ከትምህርት ሚኒስቴር ከመጣ በኋላ ማን ይከራከራል? እናቷ «የደረሰሽን ተቀበዪ፣ ስንቱ አጥቶታል» አሏት፤ ተቀበለች። ተመረቀች፣ ባንክ ቤት ሠራች፣ አገባች፣ ዲቪ ደረሳቸውና መጡ። እዚህም በአንድ ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋን አትጠላውም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ቤት በገባች ቁጥር መስኮቱ ለምን በዚያ በኩል እንደሆነ ስታስብ ኖራለች። እኛ ቤት ለጸሎት በመጣችበት ቀን እንኳ ደረጃችን ለምን እንደሚጨልም ለባለቤቴ ስታስረዳው አግኝቻታለሁ። እውነቷን ነበር፤ አምፖል ጨመርን።

እኔም ቸኩዬ መለስኩላት። እኔ ራሴ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የገባሁት የሁለት ልጆች እናት ሆኜ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነውና፣ «ይቻላል እንጂ! ዕድሜ ምን ያደርጋል? እኔን አታዪም?» አልኳት። አቅፌ ጸለይኩላት። ደስ ብሏት ሄደች፤ እኔም ጥሩ የመከርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። «ባለቤትሽስ ምን አለ?» ብዬ ግን አልጠየቅኋትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እርሱ መጣ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ በሳምንቱ መካከል በራችንን አንኳኳ። ፓስተሩን ፈልጎ የመጣ መስሎኝ «ማታ ነው የሚገባው» ስለው፣ «የለም፣ እርስዎን ነው የፈለግሁት» አለኝ። ሻይ ቀረበለት፣ አልነካውም። «እርስዎ ይቻላል ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ አይሆንም ባይ ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ» አለ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፤ «ለቤት ቅድመ ክፍያ ስድስት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ። በበዓል ቀን ሳይቀር ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ነው ያጠራቀምነው። እርሷ የሰው ቤት መንደፍ እንድትማር እኛ ቤት ሳይኖረን እንቅር?»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ በኋላ ነው አራታችን በእነርሱ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሦስት ምሽት የተቀመጥነው። ጌታ ስለ ግንብ ሠሪውና ተቀምጦ ወጪውን ስለ መቁጠሩ የተናገረውን ምሳሌ ሰባኪዎች ሁልጊዜ ለደቀ መዝሙርነት ነው የምንጠቅሰው፤ ባለቤቴ በዚያ ሳምንት እንዳለ ተጠቀመበት። ለካስ ስለ ግንባታም ይሠራል! ወረቀት አወጣንና ጻፍን።

የጻፍነው ይህን ይመስል ነበር። በአሜሪካ «አርክቴክት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከሚሠራበት ግዛት ፈቃድ ያላገኘ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ወደ ፈቃዱ የሚወስደው የተለመደው መንገድ ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ ዲግሪ፣ የተመዘገበ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። ከሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ወጣት የአምስት ዓመት የባችለር ፕሮግራም ሊገባ ይችላል። እንደዚች እኅታችን በሌላ ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ እንደገና ከባችለር መጀመር አያስፈልገውም፤ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ማስተርስ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከመግባቷ በፊት ግን የአዲስ አበባውን ዲግሪ ማስገምገም አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ካልኩለስና ፊዚክስ ስለሚጠይቁ እነዚህን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መውሰድ አለ። በእጅ የተሠሩ ነገሮችን አሰባስቦ ፖርትፎሊዮ ማዘጋጀትም አለ። ለዚህ ሁሉ አንድ ዓመት ብለን ጻፍን።

ከምረቃ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የግዛቶቹ የምዝገባ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት፣ በምሕፃሩ ኤንካርብ የሚባለው፣ 3,740 ሰዓት የተመዘገበ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በሳምንት አርባ ሰዓት ብታስቡት ከዘጠና ሦስት ሳምንት በላይ ነው፤ ያውም አንድም ቀን ሳይጎድል። ከዚያ ስድስት ክፍል ያለው ፈተና አለ። ቀድሞ ስድስቱን በአምስት ዓመት ውስጥ ያልጨረሰ ሰው ያለፈው ውጤት ይቃጠልበት ነበር፤ በ2023 ይህ ደንብ ተነሣ። ልጅ ለምታሳድግ እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ምክር ቤቱ ራሱ ባወጣቸው ቁጥሮች አንድ ሰው ኮሌጅ ከገባበት ቀን አንሥቶ ፈቃድ እስኪያገኝ በአማካይ ከ12 እስከ 13 ዓመት ይፈጅበታል። እኅታችን የመጀመሪያ ዲግሪ ስላላት ከዚህ ያጥራል። ደምረን ቀንሰን የደረስንበት ግን፣ ሁሉም መልካም ቢሆን፣ አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላት የሚል ነበር።

ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ሲጻፍ ጠረጴዛው ዙሪያ ዝም ተባለ።

«ታዲያ ነርስ ብትሆኚስ?» አላት ባለቤቷ በቀስታ። ንቆ አልነበረም፤ ሒሳቡን አይቶ ነው። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ያወጣውን በኋላ ስመለከት የአርክቴክቶች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 96,690 ዶላር፣ የነርሶች 93,600 ዶላር ነው። ሁለቱ ይህን ያህል ከተቀራረቡ፣ አጭሩን መንገድ ትቶ ረጅሙን የሚመርጥ ሰው ምክንያቱ ገንዘብ ሊሆን አይችልም። እርሷም፣ «ነርስነት ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ደም ሳይ እወድቃለሁ» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። በዚያ ምሽት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

በሁለተኛው ምሽት ትልቁ ልጃቸው፣ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የቤት ሥራውን እየሠራ ሲያዳምጠን ቆይቶ ስልኩን ይዞ መጣ። «ይሄ ሰውዬም ሲጀምር ትልቅ ሰው ነበር» አለን። ያሳየን የዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬን ፎቶ ነበር። በዚያው መጋቢት የፕሪትዝከርን ሽልማት፣ ማለትም በአርክቴክቸር ዓለም ትልቁን ሽልማት፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ስለ ተቀበለ ዜናው ተሰራጭቶ ነበር። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ1965 በቡርኪና ፋሶ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ፤ ከመንደሩ ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው ልጅ ነው። አናጢነት ተምሮ በ1985 ወደ ጀርመን አገር ሄደ። በማታ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ለመማር የገባው በ1995 ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ ነበር። የተመረቀው በ2004 ነው። በዚህ መካከል፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ከሸክላ አፈር ጡብ ትምህርት ቤት ሠራ። በ2001 የተጠናቀቀው ይህ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያው ከጣሪያ በታች ካለው ኮርኒስ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነፋስ በመካከሉ ያልፋል፤ ሙቀቱም ይወጣል። እርሱ ልጅ ሆኖ የተማረበት ክፍል ጨለማና እንደ ምድጃ የሚያቃጥል ነበር። የሸክላ ቤት ጭቃ ነው ብለው የጠረጠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው በመጨረሻ ጡቡን በእጃቸው የመቱት።

ሹፌሩ ወንድማችን ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየው። የእርሱም አያት ቤት ጭቃ ነው። ከዚያ የጠየቀው ግን እኔ ያልጠበቅሁትን ነው፤ «ሚስቱ ያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?» አለ። ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔ ግን ጥያቄው ትክክል መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። በዕድሜ ገፍቶ ስለተማረ ሰው ስንናገር ስለ ተማሪው ብቻ ነው የምናወራው። እስኪመለስ ድረስ እራት አቅርቦ የሚጠብቀውን ሰው ማንም አይጠይቀውም።

በሦስተኛው ምሽት ስለ ጊዜ አወራን። እዚህ ላይ የእኔ ምሳሌነት እንዴት እንዳሳሳታት ልናገር። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ከባድ ነበር፤ ግሪክኛው አስለቅሶኛል፤ ባለቤቴም ያን ሦስት ዓመት ሽሮ ማሳረር የተማረበት ነው። ነገር ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ መጽሐፉን ዘግቼ መተኛት እችል ነበር። አርክቴክቸር እንዲህ አይደለም። የትምህርቱ ልብ ስቱዲዮ የሚባለው ነው። አንድ የንድፍ ሥራ ለወራት ይሰጣችኋል፤ መምህሩ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠረጴዛችሁ አጠገብ ተቀምጦ በስስ ወረቀት በሥዕላችሁ ላይ ደርቦ ይሥላል፤ «ይህን ተዉት» ይላል፤ የሳምንት ሥራ በአምስት ደቂቃ ይሄዳል። በመጨረሻ ሥራችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ በተጋበዙ ባለሙያዎች ፊት ትቆማላችሁ። አዲስ አበባ የተማሩ ጁሪ ይሉታል። ንድፍ ደግሞ አለቀ የሚባልበት ሰዓት የለውም፤ ሁልጊዜ ሊሻሻል ይችላል። ፈረንሳዮች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ፓሪስ በነበረው የጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕሎቹን የሚሰበስበውን ጋሪ ሻሬት ይሉት ነበር፤ ተማሪዎቹ ጋሪው እየሄደ እንኳ ሥዕላቸውን ለመጨረስ ይታገሉ ነበር ይባላል። ዛሬም የመጨረሻ ሰዓት ጥድፊያ በዚሁ ቃል ይጠራል።

ስለዚህ የአንድ ሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሌሊት የራሱ ነው። የእርሷ ሌሊት ግን የእርሷ ብቻ አይደለም።

በዚያ ምሽት የተስማሙበትን ወረቀት ሁለቱም ፈረሙበት፤ ማቀዝቀዣው ላይ ከልጆቹ የክትባት ቀጠሮ አጠገብ ተለጠፈ። የቤቱ ገንዘብ አይነካም። የምታመለክተው በሚኖሩበት ግዛት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው፤ የግሉ ቢቀበላትም አትሄድም። የጎደለውን ትበደራለች፣ በሳምንት ሃያ ሰዓትም ትሠራለች። ቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሑድ ማታ እርሳስ አትነሣም። ቤት መግዛቱ በአራት ዓመት ይገፋል። ከሁሉ በታች በእርሱ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ «ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው»። ምን ሊማር እንደሚፈልግ በዚያን ጊዜ አልነገረንም። እርሷም እስከዚያ ቀን ጠይቃው አታውቅም ነበር።

ይህን አንብባችሁ «ከዚያ በኋላ ሁሉ ሰመረ» ትሉ ይሆናል። አልሰመረም። በ2023 መጸው ትምህርቷን ስትጀምር የቤት ብድር ወለድ ወደ 8 በመቶ ተጠግቶ ነበር። «ያኔ ብንገዛ ኖሮ» የሚለው ቃል በዚያ ቤት ምን ያህል ጊዜ እንደተነገረ እኔ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም የሚኖሩት በኪራይ ነው። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ በምስክርነት ጊዜ የማይነገር ዓይነት።

የመጀመሪያው ጁሪ ደግሞ ለእርሷ መራራ ነበር። በአገራችን ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት ነው የተማርነው። እዚያ ግን አሥር ዓመት የምታንሳት መምህርት «ይህን ለምን አደረግሽ?» ስትላት ዝም ካለች መልስ የላትም ማለት ነው። ሥራው ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ትንሽ ቤት መንደፍ ነበር። የሌሎቹ ተማሪዎች ሥራ በሙሉ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ አንድ ላይ የተከፈተ ነው፤ የእርሷ ግን በግድግዳ ተለይቶ በር አለው። «ለምን ዘጋሽው?» አሏት። አንገቷን ደፋች፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታም አለቀሰች።

በሚቀጥለው ግምገማ ግን መልስ ይዛ ገባች። ጓዳ ምን እንደሆነ ነገረቻቸው። ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታሽ፣ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ሳለ እናት ያለቀውን እንጀራ ማንም ሳያይ ከጎረቤት የምታስመጣበት፣ የሴት ልቅሶና ሳቅ ያለበት ቦታ እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጓዳ በር ያስፈለገው የቤቱን ገመና ለመሸፈን ጭምር ነው አለች። ከዚያ ቀን በኋላ የክፍል ጓደኞቿ ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚኖርበት ሲቸግራቸው እርሷን ይጠይቁ ጀመር። ኮምፒውተሩ ላይ እነርሱ ይበልጧታል፤ ሬቪትና ራይኖ የሚባሉትን ፕሮግራሞች ልጇ እያገዛት ነው የተማረችው። ልጅ አሳድጎ፣ የታመመ አስታሞ፣ በጠባብ ቤት ሠላሳ ሰው አስተናግዶ ማወቅ ግን በሃያ ሁለት ዓመት አይገኝም። የሒሳብ ባለሙያነቷም አልባከነም፤ ከፈተናው ስድስት ክፍሎች አንዱ ስለ ቢሮ አስተዳደርና ስለ ገንዘቡ ነው።

ከባዱ ቀን የመጣው በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ ነው። አራት ሌሊት እምብዛም ሳትተኛ ሰንብታ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀይ መብራት ላይ ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት። የነቃችው ከኋላዋ ያሉት መኪኖች ጡሩምባ ሲነፉ ነው። ምንም አልደረሰባትም። ለባለቤቷ ግን ያን ዕለት አልነገረችውም፤ በሳምንቱ በልጃቸው አፍ ነው የሰማው። ብቻ እንዴት እንደተቆጣ አትጠይቁኝ። የተቆጣው በትምህርቱ እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ብትሞት ለልጆቹ ምን እላቸዋለሁ?» አለኝ። ፈርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ይህን ትምህርት ለምታስቡ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሌሊት አለመተኛት እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበትን የስቱዲዮ ልማድ የአሜሪካ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ማኅበር በ2002 ባወጣው ሪፖርት አጥብቆ ነቅፎታል። ከዚያ በኋላ ዕውቅና ሰጪው ቦርድ ትምህርት ቤቶች ስለ ስቱዲዮ ባህል የጽሑፍ መመሪያ እንዲኖራቸው ጠይቋል። ከመመዝገባችሁ በፊት መመሪያውን ጠይቃችሁ አንብቡት። ከዚያም ልጅ ያላቸው ተማሪዎች ካሉ ፈልጋችሁ፣ በወረቀት የተጻፈው በእውነት ይሠራ እንደሆነ ጠይቋቸው። እኅታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ሌሊት ካለፈ ባለቤቷ ካልመጣ በቀር መኪና አትነዳም። የኅብረት ቡድናችንም የሴሚስተሩን የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ወጥ ተራ ይዘንላቸዋል። (አንዲት እኅት ሁልጊዜ ምስር ነው የምታመጣው፤ ልጆቹ ደብዳቤ ጽፈውላታል።)

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያለውን ልናገር፤ ሁሉን ሰው «ሂድ ተማር» ብዬ የላክሁ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የአርባ ሦስት ዓመት ወንድም ይኸንኑ ጥያቄ አመጣልኝ። ስለ ሥዕል ጠየቅሁት፤ ሥሎ አያውቅም። ስለ ሕንፃ ጠየቅሁት፤ ስለ አለቃው ክፋት ሃያ ደቂቃ ነገረኝ። የሚሸሸውን እንጂ የሚሄድበትን አያውቅም ነበር። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ የማታ የሥዕል ወይም የአውቶካድ ኮርስ ወስዶ አንድ ሴሚስተር እንዲፈትን፣ በሥራ ላይ ያለ አርክቴክት ፈልጎም አንድ ቀን አብሮት እንዲውል መከርኩት። ኮርሱን በሦስተኛው ሳምንት ተወው። አላዘንኩበትም፤ በጥቂት መቶ ዶላር ብዙ ዓመት አተረፈ።

ምክንያቱም የአርክቴክት ዕለታዊ ሥራ ከውጭ እንደሚታየው አይደለም። ከላይ ከጠቀስኩት 3,740 ሰዓት ውስጥ 1,520 ያህሉ የሚሞላው በዝርዝር የሥራ ሥዕሎችና ሰነዶች ነው። የበሮች ዝርዝር፣ የውኃ ማገጃ፣ የእሳት መውጫ ስፋት፣ የግንባታ ደንብ፣ ከተቋራጭ ጋር መጻጻፍ። ይህን ሰምቶ ልቡ የማይቀዘቅዝ ሰው ይግባ። ልቡ የቀዘቀዘ ግን ሕንፃ የሚወድ ሰው ደግሞ ሌላ በር አለው፤ የሁለት ዓመት የንድፍ ቴክኒክ ትምህርት ተምሮ በቢሮ ውስጥ ሥዕል መሥራት፣ ወይም የግንባታ ሥራ አመራር መማር ይችላል። ደግሞ እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ባሉ ግዛቶች ዕውቅና ያለው የአርክቴክቸር ዲግሪ የሌለው ሰው ረዘም ያለ የሥራ ልምድ አስመዝግቦ ወደ ፈቃድ የሚደርስበት መንገድ አለ። የምትኖሩበትን ግዛት ቦርድ ሳትጠይቁ ግን በእኔ ቃል አትነሡ።

ስለ ብድርም ዝም ማለት አልችልም። በ2025 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደሩ የማስተርስ ተማሪዎች፣ የትምህርቱን ወጪ በሙሉ ያህል ያበድር የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ቀርቷል፤ ማስተርስ የሚማር ሰው በዓመት ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው ቢበዛ 20,500 ዶላር ነው። እኅታችን በጀመረችበት ስሌት የዛሬ ጀማሪ ሊጀምር አይችልም። የዩኒቨርሲቲውን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ሳታነጋግሩ፣ ከዚያም በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ሳትነጋገሩ፣ ማመልከቻ አትላኩ። ለእኔም እንዲሁ ነው፤ አሁን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣን ሰው ብቻውን ከሆነ «ሁለት ሆናችሁ ተመለሱ» እለዋለሁ። መልሴን ለመስማት የቸኮሉ ይቀየሙኛል።

እኅታችን ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ናት። ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። የምግብ ጠረጴዛው ሙሉ በሙሉ በካርቶንና በቀጭን እንጨት በተሠራ ሞዴል ተይዟል፤ የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ነው አለችን። ስለዚህ አራታችንም እንጀራችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን። ወንድማችን ስለ ራሱ ተራ ነገረን፤ የአውቶቡስ ሞተር ጥገና ሊማር ተመዝግቧል፤ የምትመረቅበትን ቀን እየጠበቀ ነው። እርሷ ቡና ልታፈላ ወደ ጓዳ ስትገባ ጎንበስ ብሎ ሞዴሉን በአንድ ዓይኑ አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ስሚ! ይሄ ደረጃሽ ይጨልማል» አላት።

ጀበናውን እንደ ያዘች መጣች። አጎንብሳ አየች። ከዚያ ጀበናውን ለእርሱ አቀብላ ምላጯን አነሣች።